ወደ ትራክ የወሰደዎ ጎማ ወደ ቤትም ሊመልስዎ ይገባል

ጥያቄ፦ «መኪናዬ በፊት ጎማ የምትጎተት፣ 1,350 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝን ናት። ጎማዋ 225/45 አር 17፣ ቸርኬዋ 7.5 ኢንች ስፋት አለው። በየቀኑ ለሥራ እነዳታለሁ፤ በዓመት አራት ወይም አምስት ቀን ደግሞ ትራክ (የመኪና መወዳደሪያ ሜዳ) እገባለሁ። ሌላ ቸርኬ ስለሌለኝ በዚያው ጎማ ሄጄ በዚያው እመለሳለሁ። ጓደኞቼ ‹ትሬድዌሩ (ጎኑ ላይ የተጻፈው የጥርስ ዕድሜ ቁጥር) 200 የሆነውን ግዛ፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ይሻላል› ይሉኛል። የበጋ ጎማ ዝናብ አይችልም ሲባልም ሰምቻለሁ። ባለፈው ጊዜ ከአምስተኛው ዙር በኋላ መኪናዋ መሪ እያዞርኩ ወደ ውጭ ትሄድብኝ ጀመር። ነፋስ ጨመርኩበት፣ ባሰበት። የፊት ጎማዎቼ ውጨኛ ትከሻም ተበልቶ አልቋል፤ መሀሉ ግን ገና ደህና ነው። የትኛውን ጎማ ልግዛ? ሰፋ ያለ ባደርግስ?»

ምላሽ፦ ከጎማው ስም በፊት «የበጋ ጎማ» የሚለው ቃል ያሳሳተዎትን ላስተካክል፤ እሱ ካልተስተካከለ ቀጥሎ የምለው ሁሉ ይጣመማል። እኛ በጋ ስንል ደረቁን ወቅት፣ ክረምት ስንል ዝናቡን ማለታችን ነው። የጎማው ስም ግን የመጣው ክረምታቸው በረዶ፣ በጋቸው ሙቀት ከሆነ አገሮች ነው። ስለዚህ የበጋ ጎማ ለሞቃት አስፋልት የተቀመመ ጎማ ነው፤ አስፋልቱ ይድረቅም ይርጠብም። የክረምት ጎማ የሚባለው ደግሞ ለብርድና ለበረዶ የተሠራ ነው እንጂ ከዝናብ ጋር የተለየ ዝምድና የለውም። እንዲያውም አየሩ ሞቅ እስካለ ድረስ በእርጥብ አስፋልት ላይ ከጥሩ የበጋ ጎማ ባጠረ ርቀት መኪና የሚያቆም የመንገድ ጎማ የለም ማለት ይቻላል። ይህ ጎማ የሚፈራው ብርድን ነው። የአየሩ ሙቀት ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ ላስቲኩ መድረቅ ይጀምራል፤ ከዜሮ በእጅጉ በታች በሆነ ብርድ ውስጥ ከተነዳ ወይም ሲወርድና ሲነሳ ከታጠፈ ጥርሱ ሊሰነጠቅ ይችላል። ጎማ ሠሪዎች ራሳቸው የሚያስጠነቅቁት ነገር ስለሆነ በዋስትና ይተካልኛል ብለው አይጠብቁ።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ማወቅ ይጠቅምዎታል፤ የአምስተኛው ዙር ችግርዎም መልሱ ያለው እዚሁ ነው። ላስቲክ መሬት የሚይዘው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው መጣበቅ ነው፤ ለስላሳው ላስቲክ ከአስፋልቱ ገጽ ጋር በቅርብ ሲነካካ የሚፈጠር ኃይል። ሁለተኛው የአስፋልቱ ጠጠሮች ላስቲኩን ሰርጉደው ሲያልፉ፣ ላስቲኩ ወዲያው ወደ ቅርጹ ስለማይመለስ የሚመጣ መጎተት ነው። ውሃ የመጀመሪያውን ክፉኛ ያዳክመዋል፤ ሁለተኛው ግን ውሃው እስከተገፋ ድረስ ይሠራል። ከ1990ዎቹ ወዲህ በመንገድ ጎማ የላስቲክ ውህድ ውስጥ ሲሊካ የሚባለው ዱቄት በብዛት መግባቱ በእርጥብ መንገድ ላይ ያመጣው ለውጥ ትልቅ ነው። ሁለቱም መንገዶች ግን በሙቀት የሚገዙ ናቸው። ላስቲኩ ሲቀዘቅዝ ይደርቅና ጠጠሩን አይቀበልም። ልክ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ይይዛል። ከልክ በላይ ሲሞቅ ደግሞ ቅባት እንደነካው ይሆናል፤ ነጂው ከመሪው ላይ ክብደቱ ሲጠፋ ይሰማዋል። እያንዳንዱ ውህድ የራሱ የሙቀት መስኮት አለው። ጎማ መምረጥ ማለትም ይህ መስኮት የት ላይ እንዲከፈት እንደሚፈልጉ መወሰን ነው። ጥዋት ወደ ሥራ ሲወጡ ይከፈት? ወይስ በትራክ ሦስተኛው ዙር ላይ?

አሁን ወደ ትሬድዌር ቁጥሩ። ይህ ቁጥር የአሜሪካ መንግሥት ያስገደደው የጥርስ ዕድሜ መለኪያ ነው። ቴክሳስ ውስጥ በተወሰነ የመንገድ መስመር ላይ፣ ወደ 11,600 ኪሎ ሜትር ገደማ ተነድቶ፣ ከአንድ ማነጻጸሪያ ጎማ ጋር እየተያየ የሚሰጥ ነው። ማነጻጸሪያው 100 ከሆነ፣ 200 የተጻፈበት በዚያ መስመር ላይ እጥፍ ይቆያል ማለት ነው። ጓደኞችዎ የዘነጉት ሁለት ነገር አለ። የመጀመሪያው፣ ቁጥሩ ስለ መሬት አያያዝ የሚናገረው አንድም ነገር የለም፤ ለስላሳ ላስቲክ ቶሎ ስለሚያልቅ ብቻ ነው በተዘዋዋሪ የምንገምተው። ሁለተኛውና የሚበልጠው፣ ቁጥሩን የሚጽፈው ሠሪው ራሱ ነው። ብዙ የአማተር ውድድሮች ከ200 በታች የተጻፈበትን ጎማ ስለማይፈቅዱ፣ ለእነዚያ ውድድሮች የታሰበው ሁሉ 200 ተብሎ ይወጣል። ውጤቱ ምን ሆነ? ዮኮሃማ አድቫን ኤ052 እና ሃንኩክ ቬንተስ አርኤስ4 ሁለቱም ጎናቸው ላይ 200 ይላል። የመጀመሪያው ቶሎ ሞቆ እጅግ የሚይዝ፣ ግን በጥቂት ዙር የሚደክምና የሚያልቅ ነው። ሁለተኛው ለመሞቅ ጊዜ የሚፈልግ፣ ሲሞቅ ግን ለረጅም ጊዜ ሳይለወጥ የሚሄድና ዕድሜው ረጅም የሆነ ነው። አንድ ዓይነት ቁጥር፣ ሁለት የተለያየ ጠባይ። ስለዚህ ቁጥሩን በአንድ ሠሪ ጎማዎች መካከል ለማወዳደር ይጠቀሙበት፤ ከአንዱ ኩባንያ ወደ ሌላው ሲሻገር ግን እንደ ሚዛን አይመኑት።

በተግባር ገበያው ላይ ሦስት ቤተሰብ አለ። የመጀመሪያው የላቀ ብቃት ያለው የመንገድ የበጋ ጎማ ነው፦ ሚሼሊን ፓይለት ስፖርት 4 ኤስ፣ ብሪጅስቶን ፖቴንዛ ስፖርት፣ ኮንቲኔንታል ኤክስትሪም ኮንታክት ስፖርት 02 እና መሰሎቻቸው። ቁጥራቸው ብዙውን ጊዜ 300 አካባቢ ነው። ገና ከቤት ሲወጡ ይይዛሉ፣ ውሃ ይገፋሉ፣ የመያዣቸው ጫፍ ላይ ሲደርሱ ቀስ ብለው ይለቃሉ። ሁለተኛው ጓደኞችዎ የሚያወሩለት የ200ው ነው፦ ከላይ ከጠቀስኳቸው ሁለቱ ሌላ ብሪጅስቶን ፖቴንዛ አርኢ71 አርኤስም እዚህ ይገባል። ጥርሱ ትልልቅና ጥቂት፣ ቦዩ ጠባብ፣ ጎኑ ጠንካራ ነው። ሦስተኛው በመንገድ ላይ እንዲነዳ የተፈቀደ የውድድር ጎማ ነው፤ ቶዮ ፕሮክሲስ አር888 አር ለዚህ ምሳሌ ይሆናል፤ ቁጥሩ 100 ነው። ይህን ሦስተኛውን ለእርስዎ አኗኗር ከአሁኑ ከዝርዝሩ አወጣዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ ከታች እደርስበታለሁ።

የ200ው ጎማ በደረቅ ትራክ ላይ ከመንገዱ ጎማ ይፈጥናል። ይህ አያከራክርም፤ ልዩነቱም በሰዓት ላይ በግልጽ ይታያል። ጥያቄው በምን ዋጋ እንደሚገኝ ነው። ጥዋት ሲነሱ የመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ላይ ገና አልሞቀም። ጠጠር አንስቶ የመኪናውን ሆድ ይደበድባል። ድምፁ ከፍ ያለ ነው። እርጥብ በሆነ አስፋልት ላይ ብዙዎቹ ደህና ይይዛሉ፤ ውሃ በተኛበት መንገድ ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። ቦዩ ጠባብና ጥልቀቱ ያነሰ ስለሆነ የሚገፋው ውሃ ጥቂት ነው፤ ጎማው ውሃው ላይ ይንሳፈፍና መሪው በእጅ ውስጥ ባዶ ይሆናል። አዲስ የመንገድ ጎማ ብዙውን ጊዜ ወደ 8 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ጥርስ ይዞ ሲመጣ፣ ወደ ትራክ ያደላው ጎማ ከዚያ ባነሰ ይጀምራል። ከሁለት የትራክ ቀን በኋላ ትከሻው ላይ የቀረውን ያስቡት።

ይህን ከወረቀት ላይ ብቻ አይደለም የማውቀው። ከዓመታት በፊት ከትራክ ስመለስ፣ ቀኑን ሙሉ ያስደሰተኝ የውድድር ጎማ ሥር መንገዱ በድንገተኛ ዝናብ ተሞላ። ቀን 140 ላይ ያልነቀነቀችኝ መኪና ማታ 70 ላይ መስመሯን ለቃ ወጣች። ያዳነኝ ከጎኔ ሌላ መኪና አለመኖሩ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለማንም ሰው ጎማ ስመርጥ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ ይህ ጎማ የሚያገኘው እጅግ ክፉው ሰዓት የትኛው ነው? የእርስዎ ክፉ ሰዓት ፈጣኑ ዙር አይደለም። ትራክ ላይ መውጫ ሜዳ አለ፣ የራስ ቁር አለ፣ ፊት ለፊት የሚመጣ መኪና የለም። ክፉው ሰዓት ሰውነትዎ ደክሞ፣ ጎማዎ ተበልቶ፣ መንገዱ ረጥቦ ወደ ቤት የሚመለሱበት ነው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም ይባላል፤ አንድ ጎማ ብቻ ካለዎት ዛፉ መንገዱ ነው።

አሁን ወደ አምስተኛው ዙር ልመለስ፤ እውነቱን ለመናገር ከጥያቄዎ ሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ እሱ ነው። አዲስ ጎማ ገዝተውም ቢሆን ችግሩ ተከትሎዎት ይመጣልና። በጎማ ውስጥ የታሰረ አየር ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል። የመኪናው በር ላይ የተጻፈው 2.4 ባር (35 ፒኤስአይ) ነው እንበል፤ ይህ በቀዝቃዛ ጎማ የሚለካ ነው። በ20 ዲግሪ ሞልተው ትራክ ገብተው የውስጡ አየር 75 ዲግሪ ቢደርስ፣ ግፊቱ ወደ 3.0 ባር (43 ፒኤስአይ) ይወጣል። መሀሉ ይነፋና ጎማው አስፋልቱን የሚነካበት ቦታ ያንሳል፤ ያ ትንሽ ቦታ ሁሉንም ሥራ ይሸከማል፤ የላስቲኩ ገጽ ይበልጥ ይሞቃል፤ ይንሸራተታል፤ መንሸራተቱ ራሱ ሌላ ሙቀት ይወልዳል። እርስዎ በዚህ ላይ ነፋስ ጨመሩበት። በቀዝቃዛ 2.7 የሆነ ጎማ በዚያ ሙቀት 3.4 ባር (49 ፒኤስአይ) ሆኖ ይገኛል። መባሱ አይገርምም። ብዙ ሰው የትከሻ መበላትን አይቶ «ነፋስ አንሶት ነው» ብሎ ይደመድማል፤ በመንገድ ላይ ያ እውነት ሊሆን ይችላል። በትራክ ላይ ግን ትከሻ የሚበላበት ሌላ ምክንያት አለ፤ እሱን ቀጥዬ እነግርዎታለሁ።

ትክክለኛው አሠራር ይህ ነው። ትራክ ላይ ዋናው ቁጥር የሞቀው ጎማ ግፊት ነው። ለእርስዎ ዓይነት መኪናና ለመንገድ የበጋ ጎማ፣ የፊቶቹን ሲሞቁ ከ2.4 እስከ 2.6 ባር (ከ35 እስከ 38 ፒኤስአይ) ላይ ለማቆየት ይሞክሩ። ጥዋት 2.1 ባር ላይ ይጀምሩ፤ ከዚያ በታች አይውረዱ። ግፊቱ ሲያንስ የጎማው ጎን ይታጠፋል፣ በኃይል ሲታጠፍም ከውስጥ ይሞቃል፤ ጎማው የሚሸከመው ክብደትም ይቀንሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ነድተው ከትራክ ሲገቡ ወዲያው፣ ሳይቀዘቅዝ፣ በጥሩ መለኪያ ይለኩና ትርፉን ያስተንፍሱ። ቁጥሮቹን ደብተር ላይ ይጻፉ፦ የአየሩን ሙቀት፣ የቀዝቃዛውን ግፊት፣ የሞቀውን ግፊት፣ መኪናዋ ምን እንዳለች። ሦስት የትራክ ቀን ከጻፉ በኋላ ከማንም ምክር የተሻለ መረጃ በእጅዎ ይኖራል። ናይትሮጅን መሙላት ይህን ሕግ አይሽረውም፤ ጥቅሙ ደረቅ መሆኑ ብቻ ነው፤ እርጥበት የሌለበት ተራ አየርም ከእሱ ብዙ አይለይም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ሰዎች የሚረሱት ስለሆነ ጠበቅ አድርጌ እላለሁ። ሲሞቅ ያስተነፈሱት ጎማ ሲቀዘቅዝ ከ2 ባር በታች ይወርዳል። በዚያ ግፊት፣ ዕቃ ጭነው፣ በፈጣን መንገድ ለረጅም ሰዓት መንዳት አደጋ ነው። ትንሽ የነፋስ መሙያ ይዘው ይሂዱ። የመጨረሻው ዙር ካበቃ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይጠብቁ፣ ከዚያ ወደ በሩ ቁጥር መልሰው ሞልተው ይውጡ።

የአነዳዱም ድርሻ አለበት። በፊት ጎማ የሚጎተት መኪና ላይ የፊቶቹ ሁለት ጎማዎች መሪውን ይታዘዛሉ፣ ሞተሩን ይሸከማሉ፣ የፍሬኑን አብዛኛውን ሥራ ይሠራሉ፤ የኋላዎቹ ተከታይ ናቸው። ጎማ መሬት የሚይዘው በመጠኑ ሲንሸራተት ነው፤ የሚዞርበትና የሚሄድበት አቅጣጫ መካከል ጥቂት ዲግሪ ልዩነት ሲኖር ጫፉ ላይ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ መሪውን ይበልጥ ቢጠመዝዙት የሚያገኙት ሙቀት እንጂ መዞር አይደለም። መኪናዋ ወደ ውጭ ስትሄድ ሰው ሁሉ በደመ ነፍስ መሪ ይጨምራል፤ መፍትሔው መሪውን ትንሽ ፈታ ማድረግና ነዳጁን ቀስ ብሎ መልቀቅ ነው። የመንገድ ጎማ እዚህ ላይ ጥሩ አስተማሪ ነው፤ ጫፉ ሲቃረብ ያፏጫል፣ ሲያልፍ ይጮኻል። ፉጨቱን እየሰሙ ይንዱ። የ200ው ጎማ ዝም ብሎ ይዞ ይቆይና በከፍተኛ ፍጥነት ላይ ሲለቅ የሚሰጥዎ ጊዜ ያንሳል። በዓመት አምስት ቀን ለሚነዳ ሰው ይህ ከሰከንዶቹ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ሦስት ወይም አራት ዙር በሙሉ ኃይል ከነዱ በኋላ አንድ ዙር ረጋ ብለው ፍሬንም ጎማም ያቀዝቅዙ፤ አምስተኛው ዙር ላይ የሚደርስብዎ ነገር ከግማሽ በላይ ይቃለላል።

ትከሻውን የበላው የጎማው ማዘንበል ማነስ ነው፤ ባለሙያዎች ካምበር የሚሉት። ከፋብሪካ ሲወጣ እንደ እርስዎ ያለ መኪና የፊት ጎማዎቹ ቀጥ ለማለት የቀረቡ ናቸው። ኩርባ ላይ መኪናዋ ስታጋድል ጎማውም አብሮ ወደ ውጭ ይጋደላል፣ ክብደቱ ሁሉ ውጨኛው ትከሻ ላይ ያርፋል። ማንኛውንም ጎማ ቢገዙ ይኸው ይሆናል፤ ለስላሳና ውድ የሆነው ደግሞ ቶሎ ይበላል። አላይመንት የሚሠራ ሰው ዘንድ ሄደው ፊቶቹን ወደ ውስጥ 2 ዲግሪ ወይም ትንሽ በለጥ አድርጎ እንዲያጋድላቸው ያድርጉ፤ አንዳንድ መኪና ለዚህ ተጨማሪ ዕቃ ይፈልጋል። ብዙ ሰው «የውስጡ ትከሻ በመንገድ ላይ ያልቃል» ብሎ ይሰጋል። በመንገድ ላይ ጎማ አጥፊው ይበልጡን የአቅጣጫው መዛባት ነው፤ ማለትም ሁለቱ ጎማዎች ከፊታቸው ተቀራርበው ወይም ተራርቀው መሄዳቸው። ካምበር ሲለወጥ አቅጣጫውም አብሮ ስለሚለወጥ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ያስተካክሉ፤ ጎማዎቹ ቀጥ ብለው እንዲሄዱ ያድርጉ። ውጤቱን ማረጋገጥ ከፈለጉ ከትራክ እንደገቡ በመርፌ በሚወጋ የሙቀት መለኪያ የውስጡን፣ የመሀሉንና የውጭውን ሙቀት ያንብቡ። መሀሉ ከሁለቱ ጎኖች ከሞቀ ነፋሱ በዝቷል። ውጨኛው ከውስጠኛው ከሞቀ ማዘንበሉ አልበቃም። በብርሃን የሚያነብ መለኪያ ላዩን ብቻ ስለሚያይ፣ ላዩ ደግሞ በሰከንዶች ውስጥ ስለሚቀዘቅዝ ለዚህ አይሆንም።

ስለ ስፋት የጠየቁት አጭር መልስ አለው፦ አያስፋፉ። ሰፊ ጎማ በተመሳሳይ ግፊትና ክብደት ሲሆን አስፋልቱን የሚነካበት ቦታ እንደሚታሰበው አያድግም፤ ቅርጹ ይለወጣል፣ አጠር ብሎ ይሰፋል። ትክክለኛ ጥቅሙ ተጨማሪ ላስቲክ ሙቀቱን መከፋፈሉ ነው። ይህ ጥቅም የሚገኘው ግን ቸርኬው አብሮ ሲሰፋ ነው። ከእርስዎ ሰፋ ያለው 245/40 አር 17 ብዙውን ጊዜ ከ8 ኢንች ጀምሮ ነው የሚፈቀደው፤ በእርስዎ 7.5 ላይ ቢገባ ጎኑ ወደ ውስጥ ይሰበሰብና መሪው ይለግማል። ውሃ በተኛበት መንገድ ላይም ሰፊው ቀድሞ ይንሳፈፋል።

ሲገዙ ጎኑን ያንብቡ። 94 ዋይ የሚል ከሆነ እያንዳንዱ ጎማ 670 ኪሎ ግራም ይሸከማል፣ እስከ 300 ኪሎ ሜትር በሰዓት ድረስ የተፈተነ ነው፤ 91 ማለት 615 ኪሎ ነው፤ ከመኪናዎ መመሪያ በታች የሆነ ቁጥር አይቀበሉ። ዲኦቲ ከሚለው ቀጥሎ ያሉት የመጨረሻ አራት አሃዞች የተሠራበት ጊዜ ናቸው፤ 2223 ካለ በፈረንጆች አቆጣጠር የ2023 ዓ.ም. 22ኛ ሳምንት ነው። ላስቲክ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ያረጃልና ብዙ ዓመት የቆየውን ቅናሽ ቢደረግም ይተዉት። አራቱንም ጎማ አንድ ዓይነት ያድርጉ። ፊቶቹን ብቻ የሚይዝ ጎማ አድርጎ ኋላዎቹን አሮጌ መተው፣ በተለይ በእርጥብ ኩርባ ላይ፣ የመኪናውን ጭራ ያስፈተልካል።

ጎማ ከመግዛትዎ በፊት አንድ ነገር ያረጋግጡ፤ የፍሬን ዘይትዎ መቼ ነው የተለወጠው? ጎማው ይበልጥ ሲይዝ ፍሬኑ የሚሸከመው ሙቀት ይጨምራል። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ከ230 ዲግሪ በታች እንዳይፈላ፣ እርጥበት ከሳበ በኋላ ደግሞ ከ155 በታች እንዳይፈላ ነው ደረጃው የሚጠይቀው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ነው ፔዳሉ ወለል የሚነካበትና የማይነካበት ልዩነት። ከትራክ ወቅት በፊት አዲስ ያስገቡ፣ የፍሬን ሸራውንም ውፍረት ይዩ።

የእኔ ምክር ቁርጥ ያለ ነው። በዚሁ መጠን፣ 225/45 አር 17፣ ከመጀመሪያው ቤተሰብ አራት የመንገድ የበጋ ጎማ ይግዙ። ከዘረዘርኳቸው ሦስቱ ማናቸውም አያሳፍሩዎትም፤ በእርጥብ መንገድ ብዙ የሚነዱ ከሆነ የእርጥብ አያያዝ ደረጃው ከፍ ያለውን ይምረጡ። ከጎማው የሚተርፍዎትን ገንዘብ ለአላይመንቱ፣ ለፍሬን ዘይቱ፣ ለመለኪያውና ለነፋስ መሙያው ያውሉት። በዓመት አምስት የትራክ ቀን ላለው ሰው ከዚህ የሚበልጥ ለውጥ የሚያመጣ ነገር አላውቅም። የሚኖሩበት ቦታ ብርዱ ለወራት ከ7 ዲግሪ በታች የሚቆይ ከሆነ ግን ይህ ምክር ለእነዚያ ወራት አይሠራም፤ ያኔ ሌላ ጎማ ያስፈልግዎታል።

ይህ ጎማ ገደብ እንዳለው ይወቁ። በሞቃት ቀን ከ20 ደቂቃ በላይ ሳያርፉ በሙሉ ኃይል ቢነዱት ይደክማል። አዲስ ሲሆን ጥርሱ ረጅም ስለሆነ ይወዛወዛል፣ ይሞቃል፣ አንዳንዴም ከጠርዙ ይቦጨቃል። ስለዚህ አዲሱን ቀጥታ ወደ ትራክ አይውሰዱት፤ መጀመሪያ ለጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በመንገድ ላይ ረጋ ብለው ያሟሹት። ለደረቅ ትራክ የሚያምረው ጥርሱ ወደ ግማሽ ሲወርድ ነው፤ በዚያው ልክ ደግሞ ለዝናብ ያለው አቅም ይቀንሳል። 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ፣ ብዙ አገሮች ሕጋቸው እስከ 1.6 ቢፈቅድም፣ ለዝናብ መንገድ አልቋል ብለው ይቁጠሩት።

ወደ 200ው ጎማ መሄጃው ጊዜ የሚመጣው ሁለተኛ ቸርኬ ሲኖርዎት ነው። የትራክ ቀናትዎ በዓመት ከስድስት ካለፉ፣ ግፊቱንና ካምበሩን አስተካክለውም ጎማው ከአነዳድዎ በታች ሆኖ ካገኙት፣ 17 ኢንች የሆነ ሁለተኛ ቸርኬ ይግዙና እዚያ ላይ ያስሩት። ያኔ ቶሎ የሚደክመውን ሳይሆን ረጅም የሚቆየውን ዓይነት ይጀምሩበት፤ በቀን ብዙ ዙር መንዳት ነው የሚያስተምርዎት። የሞተርዎን ዘይት ከመለኪያው የላይኛው ምልክት ላይ ያቆዩ፤ በጣም የሚይዝ ጎማ በረጅም ኩርባ ላይ ዘይቱን ወደ አንድ ጎን ይገፋውና ፓምፑ አየር ሊስብ ይችላል። የጎማውን ኩሽኔታም በየጊዜው ያስፈትሹ።

አሁን መኪናዋ ላይ ያሉትን ጎማዎች በተመለከተ፦ ትከሻው ያለቀውን ጎማ መሀሉ ደህና ነው ብለው ለሚቀጥለው የትራክ ቀን አያቆዩት። ትከሻውን በእጅዎ ይዳስሱ፤ ሽቦ ወይም ጨርቅ የሚመስል ነገር ከተሰማዎት፣ ወይም ጎኑ ላይ እንደ እንቁላል ያበጠ ቦታ ካለ፣ ያ ጎማ በመንገድም መነዳት የለበትም። ጎሚስታው ቸርኬው ላይ አገላብጬ ልግጠመው ቢልዎትም አይስሙት። የተበላው ጠርዝ ወደ ውስጥ ቢዞር ከዓይን ይሰወራል እንጂ በውስጡ የተጎዳው ክር አይድንም።